አላረገዝኩም፣ መጠጥ ትቼ ነው

የወንድሜ ሚስት ደርቭላ በኛ አካባቢ የወተት ቦቴ የምትነዳ ብቸኛ ሴት ናት። ማልዳ ተነስታ ከእርሻ እርሻ እየዞረች ወተት ትሰበስባለች። መንገዶቻችን ግራ ቀኛቸው የድንጋይ ካብ ነው፤ ሁለት ብስክሌት ጎን ለጎን የማያሳልፉ አሉ። ያንን የሚያህል መኪና በእነሱ መሃል ወደ ኋላ ስትነዳ ያየ ሰው ቆሞ ሳያይ አያልፍም። ገበሬዎቹ ይወዷታል። ላሞቻቸውን በስም እየጠራች፣ ከሚስቶቻቸው ጋር እየተሳደበች፣ እየሳቀች ነው የምትውለው።

ስትጠጣም በሙሉ ልቧ ነበር። ቅዳሜ ከኮልማን መጠጥ ቤት ጣራ የሚነቅል ሳቅ ከተሰማ እሷ አለች ማለት ነው። ዘፈን የምትጀምረው እሷ፣ "በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!" እያለች ኮቱን የለበሰውን ሰው ከበር የምትመልሰው እሷ። ከጎኗ የማይጠፋው ካሃል ነበር። ካሃል የቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ የወንድሜ የፊንታን የልጅነት ጓደኛ። ፊንታን ራሱ አንድ ቢራ ይዞ የሚያመሽ ሰው ስለሆነ ሚስቱ የመጠጥ አጋሯን ያገኘችው ከእሱ ሳይሆን ከጓደኛው ነው። እነዚያ ሁለቱ ከተገናኙ ሌላው ሰው ተመልካች ነበር።

አንድ የኅዳር ማለዳ ደርቭላ ቦቴዋ ውስጥ ተቀምጣ ቁልፉን ማዞር አቃታት። ማታ የጠጣችው ወይን ገና ከሰውነቷ እንዳልወጣ ታወቃት። መንገዱ ላይ ደግሞ የትምህርት ቤት ልጆች መውጫቸው ደርሷል። እንዲህ ሆና ስንት ቀን እንደነዳች ልታስብ ሞከረችና ማሰቡን ፈራችው። ለአለቃዋ ደውላ "አሞኛል" አለች፣ ወርዳ በሩን ቆለፈች፣ ቤቷ በእግሯ ተመለሰች። ፊንታን ወጥ ቤት ነበር። ነገረችው። ወንድሜ ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም፤ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አወጣና እሷ ራሷ እንድትደፋቸው የእቃ ማጠቢያው ላይ ደረደረላት። ደፋቻቸው።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ ጎረቤት ከተማ መሄድ ጀመረች። ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጀርባ እንደ እሷ መጠጥ የተዉ ሰዎች ክብ ሠርተው እየተቀመጡ የሚያወሩበት ክፍል አለ። ለኛ ግን "ዋና ጀምሬያለሁ" ነው ያለችን። ይህን ሁሉ የነገረችኝ በኋላ ነው፤ ያኔ እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው ዋናተኛ ሆነች ብዬ ነበር የማስበው።

የገናን ሰሞን በሰበብ አለፈችው። መድኃኒት እየወሰድኩ ነው፣ ጉንፋን ይዞኛል፣ እየነዳሁ ነው። በጥር ወር ደግሞ ግማሹ ሰው ለገና የጠጣውን ለማካካስ ስለሚታቀብ ማንም ልብ አላላትም። የካቲት ላይ ግን ሰበቧ አለቀ። የአጎታችን ልጅ ልጁን ክርስትና አስነሳ፤ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣን ሁላችንም ኮልማን ጋ ገባን።

"ምን ልቅዳልሽ?" አላት ኮልማን።

"ጋዝ ያለው ውሃ። ሎሚ ጣል አርግበት።"

"ለቦቴው ነው ላንቺ?"

ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች። ካሃል ግን ከመቀመጫው ተነስቶ መጣ።

"አሁን የምር ምን ሆነሻል? ለሕፃኑ ጤና እኮ ነው የምንጠጣው! ሕፃኑን ጠልተሽው ነው?"

"እየነዳሁ ነው ካሃል።"

"ፊንታን ይንዳ።"

"ነገ ሥራ አለብኝ።"

"ነገ እሁድ ነው፣ ተራሽም አይደለም። ጠይቄያለሁ!"

"ሆዴን ትንሽ አሞኛል።"

"እንግዲያው ውስኪ ነው መድኃኒቱ። ኮልማን! ለታማሚዋ ቅዳ!"

ሌሎቹም ተከተሉት። አንዱ "አታካብጂ" ይላል፣ አንዷ "አንቺ ከሌለሽበት ጨዋታው ይሞታል" ትላለች፣ የሕፃኑ አባት ራሱ "በልጄ ሞት" ብሎ ብርጭቆውን አፍንጫዋ ሥር አመጣው። ደርቭላ በኋላ ስትነግረኝ "ዙሪያዬን የቆሙት በሙሉ የሚወዱኝ ሰዎች ነበሩ" አለች። "ክፉዎች ቢሆኑ ኖሮ ተሳድቤ እወጣ ነበር። የውስኪው ሽታ ደግሞ... ኡና፣ ሰውነቴ በሙሉ ነው ወደ ብርጭቆው የዞረው።"

በዚህ መሃል ነው ፊሎሚና የደረሰችው። ፊሎሚና ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። ከአርባ ዓመት በታች ያለውን የሰፈራችንን ሰው በሙሉ ማለት ይቻላል በእጇ ተቀብላዋለች፤ ስለዚህም የፈለገችውን ሰው ሆድ የማየት መብት አለኝ ብላ ታምናለች። መጀመሪያ የሎሚውን ውሃ አየች። ቀጥላ ሰፋ ያለውን የደርቭላን ቀሚስ። ከዚያ ፊቷን።

"እናንተ ሰዎች፣ ልቀቋት!" አለች። ብርጭቆውን ከሕፃኑ አባት እጅ ነጠቀች፣ የደርቭላን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። "ምንም አትበይ ልጄ፤ ፊትሽ ላይ አይቼዋለሁ። ስንት ወርሽ ነው?"

ይህን ያለችው በሹክሹክታ ነው። የፊሎሚና ሹክሹክታ ግን ከወንዙ ማዶ ይሰማል። ካሃል ፊቱ ቀላ፣ ውስኪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና "ይቅርታ፣ ደርቭ፣ እኔ እኮ አላወቅኩም" አለ። አንዱ ወንበር አመጣላት። ሌላው መስኮት ከፈተላት። ሌላኛው ደግሞ ብርድ እንዳይመታት ብሎ መልሶ ዘጋው።

ደርቭላ "አይደለም" ልትል አፏን ከፈተች። ግን ያን ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም "አንዲት ብቻ" የሚላት አልነበረም። አፏን መልሳ ዘጋች።

ስለ ልጅ ነገር በቤታችን አይወራም ነበር። ደርቭላና ፊንታን ከተጋቡ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሐኪም ቤት ተመላልሰዋል፣ መርፌውንም ክኒኑንም አይተውታል፣ በመጨረሻ ሁለቱም ደክሟቸው ተዉት። እሷ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ስለዚህ ያን ቀን መኪና ውስጥ ሲገቡ ወንድሜ ቁልፉን ሳያዞር ወደ እሷ ዞረ።

"ለምን ዝም አልሽ?" አላት።

"ስላረፍኩ ነው።"

"ነገ እንነግራቸዋለን።"

"እሺ፣ ነገ።"

ነገ አልነገሯቸውም። ከነገ ወዲያም አልነገሯቸውም። እኔ ለማረጋገጥ ስደውልለት ፊንታን "ኡና፣ እባክሽ አሁን አትጠይቂኝ" አለኝ፤ እኔ ደግሞ ሦስት ወር እስኪሞላት መናገር አይፈልጉም ብዬ ስልኩን ይዤ አለቀስኩ። ገበሬዎቹ የወተቱን ቱቦ እንዳትጎትት ከለከሏት። እያንዳንዱ በር ላይ እንቁላል፣ ቅቤ፣ የዝይ ሥጋ ይጠብቃታል። አንዱ ገበሬማ ውሻው እንዳይዘልባት ብሎ ቦቴው ሲመጣ ይቆልፍበት ጀመር፤ ውሻው በርቀት ሲያለቅስ ትሰማዋለች። ፊሎሚና ሹራብ ጀመረች።

"እስከ መቼ ነው?" አላት ፊንታን አንድ ቀን፣ የእንቁላሉን ብዛት እያየ።

"ሆዴ እስኪታወቅ።"

"የቱ ሆድ?"

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሳቁና እሷ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ፊንታን ጀርባዋን እያሻሸ ቆመ። የሌለ ልጅ መከታ አድርጋ መቆሟ እንዴት እንደሚያማት እያወቀ፣ መከታውን ለማንሳት ደግሞ ልቡ እንቢ አለው።

አባታችን ማላኪ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። እናታችን ኑላ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል፤ ላሞቹን ለፊንታን አስረክቦ ለራሱ ጥቂት በጎች አስቀርቷል። ስለ አየር ጠባይ ግማሽ ቀን ሊያወራ ይችላል። ስለ ሌላው ነገር ለማውራት ግን በጣም መታመም አለበት። ስለ እርግዝናው ወሬ አንድም ቃል አልተናገረም፤ እሁድ ለምሳ ሲመጡ የደርቭላን ወንበር ወደ ምድጃው ያስጠጋል፣ በቃ።

የፋሲካ ዕለት የበጉን ሥጋ በልተን ስንጨርስ "ደርቭላ፣ ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ" አላት። ፊንታን ሊከተል ሲነሳ "አንተ ሳህን እጠብ" አለው።

ጓሮ ወዳለው ዕቃ ቤት ወሰዳት። በሩን ከፈተ። መሃል ላይ፣ ተጠርጎ በጸዳ ወለል፣ የሕፃን አልጋ ቆሟል። ፊንታንና እኔ የተኛንበት ነው። ቆጥ ላይ ተጥሎ ነቀዝ በልቶት የነበረውን አባቴ አውርዶ፣ የተሰበረውን እግር በአዲስ እንጨት ቀይሮ፣ በብርጭቆ ወረቀት ልጎ ነጭ ቀለም ቀብቶታል። በጣቱ ነካ አደረገው። አልጋው ያለ ድምፅ ተወዛወዘ።

"ቀለሙ ለሕፃን የማይጎዳ ነው" አለ። "ሻጩን ጠይቄዋለሁ።"

ደርቭላ እንባዋ መጣ። አባቴ የደስታ መስሎት መሬት መሬት እያየ መሃረብ ፈለገ።

"ማላኪ" አለችው። "ማላኪ፣ አላረገዝኩም።"

መሃረቡን እንደያዘ ቀና አለ።

"ወጣብሽ?"

"አይ። መጀመሪያውኑም አልነበረም። ፊሎሚና ናት ያለችው። እኔ ደግሞ ዝም አልኩ። ያልጠጣሁት ስላረገዝኩ አይደለም፤ መጠጥ ትቼ ነው። ካልተውኩት ሰው ልገድል ነበር፣ ወይ ራሴን። ሲለምኑኝ እንቢ ማለት ሲያቅተኝ፣ አርግዛለች ሲሉ ተዉኝ። ዋሸሁህ። አልጋውን... ይሄን ሁሉ ስትሠራ..."

ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም። አባቴ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። 

"ስለዚህ አልታመምሽም?" አላት በመጨረሻ።

"ምን?"

"ከገና ጀምሮ ሳይሽ ነበር። የእሁዱን ወይን ተውሽ። ሳቅሽ ቀነሰ። ሰው ሳያይሽ ወደ መስኮቱ ዞረሽ ትቀመጫለሽ። ኑላም እንዲሁ ነው የጀመራት። መጀመሪያ ብርጭቆዋን ተወች፣ ቀጥሎ ምግብ፣ ከዚያ ዝም አለች። ፋሲካን ከኛ ጋር አልዋለችም።" መሃረቡን አጥፎ አጥፎ ትንሽ አደረገው። "ፊሎሚና መጥታ ልጅ ነው ስትለኝ በሽታ አይደለም ማለት ነው ብዬ... እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ቀለም ገዛሁ።"

ደርቭላ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"አልታመምኩም ማላኪ። ጤነኛ ነኝ። እንደዛሬው ጤነኛ ሆኜም አላውቅ።"

"እሱ ነው እንግዲህ" አለ አባቴ። "እሱ ይበቃኛል።" እጁን ራሷ ላይ አሳረፈ። ልጆቹን እንኳ እንዲህ ነክቶ የሚያውቅ ሰው አይደለም፤ እጁን መቼ ማንሳት እንዳለበት ስላላወቀ በጣም ቆየ። ከዚያ "ማክሰኞ የምትሄጂው ዋና እሱ ነው?" አላት።

"እሱ ነው።"

"ፊሎሚና 'ፀጉሯ ሳይረጥብ የምትዋኝ ሴት' ስትል ነበር።"

እኔና ፊንታን ከወጥ ቤት የሰማነው ሳቅ ይህ ነበር። አልጋውን በተመለከተ፣ አባቴ ወደ ቆጥ መመለሱን ለነገ እያለ ሲያቆየው የጓሮው ድመት ገብታ አራት ግልገል ወለደችበት። አባቴም "ባዶ ከሚቀመጥ" አለና ተዋት።

ለፊሎሚና የነገረቻት ደርቭላ ራሷ ናት። አባቴ "ለሷ እኔ ልንገራት" ቢል እንቢ አለችው። ሰኞ ዕለት ከሥራ መልስ ቦቴዋን የፊሎሚና በር ላይ አቆመችና ገባች። ፊሎሚና ሹራብ እየሠራች ነበር።

"አላረገዝኩም፣ መጠጥ ትቼ ነው" አለቻት ሳትቀመጥ።

ፊሎሚና መርፌዎቹን ጭኗ ላይ አኖረች። "እኔ በሕይወቴ ተሳስቼ አላውቅም!"

"አሁን ተሳሳትሽ።"

"አርባ ዓመት! አርባ ዓመት አዋልጄ! ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አንቺ ባለጌ?"

"ዝም በይ አላልሽኝም? 'ምንም አትበይ ልጄ' ብለሽ እጄን ያዝሽ።"

ፊሎሚና ይህንን መካድ አልቻለችም። ተቆጣች፣ አፈረች፣ ሻይ አፈላች። ሻዩን ስትቀዳ ድምጿ ቀነሰ። "ልጅ ልጅ ሲሉሽ እያመመሽ ነበር አይደል?" አለቻት። "እኔ ነኝ ያንን ያመጣሁብሽ።" ደርቭላ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ተቃቀፉ። ከዚያ ፊሎሚና እንባዋን ጠርጋ "ታዲያ ለሰው ልንገር?" አለች።

"ንገሪ። ግን በትክክል ንገሪ። አላረገዘችም፣ አልታመመችም፣ ጳጳስ አልሆነችም። መጠጥ ትታለች በያቸው።"

ከመምሸቱ በፊት መላው ሰፈር ሰማ። እኔም ያኔ ነው የሰማሁት። ሄጄ አቀፍኳትና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫወተችኝ።

አሁን ሁሉ ነገር ይቀላል ብለን ነበር። አልቀለለም። እርጉዝ ሴትን ማንም አይለምንም፤ ጤነኛ ሴት ዝም ብላ "አልፈልግም" ስትል ግን ሰው እንቆቅልሽ ይሆንበታል። "ለዘላለም ነው?" ይሏታል። "በልደትሽም? ቢራ እኮ መጠጥ አይደለም።" ሌላው ደግሞ እሷ ሳትጠይቀው የራሱን መጠን ይዘረዝርላታል፣ የምትፈርድበት እየመሰለው። ከሁሉ ያስከፋት ግን ካሃል ነው። ካሃል ምንም አላላትም። መንገድ ላይ ሲያያት ከመኪናው ሆኖ ሁለት ጣቱን ብድግ ያደርጋል፣ ያልፋል።

ሰኔ ላይ ሃምሳ ዓመት ሞላኝ። በዓሉን አባቴ ግቢ አደረግነው። በሰኔ ማምሻ እኛ ጋ ፀሐይ ቶሎ አትገባም፤ ጠረጴዛዎቹን ውጪ ደረደርን፣ ኮልማን ቢራ በበርሜል አመጣ። አባቴ የሎሚ ውሃ በማሰሮ ይዞ ከደርቭላ ጀርባ ቆመ። አንድ ሰው ወደ እሷ ጠርሙስ ይዞ ሲጠጋ "ሴትዮዋ አልፈልግም ብላለች!" ይላል። ሥጋ ይዞ የመጣውን ሰው ሳይቀር አባረረ።

"ማላኪ፣ ተቀመጥ" አለችው። "የበር ዘበኛ ሆንክብኝ።"

"ተቀምጬም ይታየኛል" ብሎ ተቀመጠ።

ካሃል ዘግይቶ መጣ፣ ጠጥቶ ነው የመጣው። ጠረጴዛውን ዞሮ ደርቭላ ፊት ቆመና አንድ ብርጭቆ ቀይ ወይን አስቀመጠላት።

"ለኡና ሃምሳ ዓመት" አለ። "አንዲት። ከዚያ በኋላ እንደ ልማድሽ ተዪው። ወይስ አሁን ከኛ ጋር መጠጣት አይመጥንሽም?"

አባቴ ሊነሳ ሲል ፊንታን ጉልበቱን ያዘው። ደርቭላ ወይኑን አየችው። በኋላ "እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀለሙ ነው መጀመሪያ የናፈቀኝ" አለችኝ። "እጄ ወደ ብርጭቆው ሄዷል፣ አላየሽም? ሄዷል።" አላየሁም ነበር። እኔ ያየሁት ብርጭቆውን በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ ተነስታ ወደ በረቱ ስትሄድ ነው።

እዚያ በአጥሩ ተደግፋ ስልኳን አውጥታ ከማክሰኞዎቹ ሰዎች ለአንዷ ደወለች፤ ሴትየዋ ጡረተኛ መምህርት ናት፣ ስልኳ ጠርቶ ሳታነሳው ቀርታ አታውቅም። "በረት ጋ ነኝ" አለቻት። "በጎች እያየሁ ነው።" "ስንት ናቸው?" አለቻት መምህርቷ። "እየተነሱ እየተኙ አስቸገሩኝ።" "እንግዲያው ተረጋግተሽ ቁጠሪያቸው።" ደርቭላ መቁጠር ጀመረች፣ ትንፋሿ ተመለሰ።

ስልኩን ስትዘጋ ካሃል ከኋላዋ ቆሟል። ብርጭቆ አልያዘም።

"ሽማግሌው ሊገድለኝ ነው" አለ።

"ይገድልህ።"

አጥሩ ላይ ተደገፈ። ሁለቱም በጎቹን አዩ።

"ከተውሽው ወዲህ አንድ ቀን ደውለሽልኝ ታውቂያለሽ?" አላት። "አንድ ቀን? መተውሽን የሰማሁት ከፊሎሚና ነው። ከፊሎሚና! ሃያ ዓመት አብረን ስንስቅ ኖረን፣ ለካ የሳቅሽው ከወይኑ ጋር ነው፣ ከኔ ጋር አይደለም።"

ደርቭላ ይህንን አልጠበቀችም። ቁጣ ነበር ያዘጋጀችው፣ ቁጣው የት እንደገባ ጠፋባት።

"ፈራሁ" አለችው። "ያለ ብርጭቆ ካንተ ጋር ምን እንደምናወራ አላውቅም ነበር። ምንም ባይኖረንስ ብዬ ፈራሁ። ሳላውቀው መቅረት ይሻለኛል ብዬ ነው ያልደወልኩት።"

"እኔም እሱን ነው የፈራሁት።"

"እንሞክረዋ።"

"ምኑን?"

"ወሬ። እንዲሁ፣ በደረቁ።"

ካሃል አሰበ። ጉሮሮውን ጠራረገ። አንድ በግ አስነጠሰ።

"ቦይለራችሁ እንዴት ነው?" አላት።

ደርቭላ መሳቅ ጀመረች። "በሃያ ዓመት ያመጣኸው ይሄ ነው? ቦይለር?"

"በክረምት ያንኳኳል ብሎኝ ነበር ፊንታን! እውነቴን ነው!"

"ያንኳኳል! አዎ፣ ያንኳኳል! ሌሊቱን በሙሉ ሲያንኳኳ ነው የሚያድረው፣ በር ላይ ሰው ያለ መስሎኝ ሁለት ቀን ወርጄ ከፍቻለሁ!"

ጣራ የሚነቅለውን ሳቅ ከግቢው ሆነን ሰማነው። ሁሉም ሰው ዞረ። አባቴ ማሰሮውን አስቀመጠ።

ሲመለሱ ካሃል የወይኑን ብርጭቆ አንስቶ ራሱም ሳይጠጣው ኮልማን ትሪ ላይ መለሰው። ለደርቭላ የሎሚውን ውሃ ሲቀዳ አባቴ እጁን በጥንቃቄ እያየ ነበር። ሰው ዘፈን ጠየቀ። ደርቭላ ሳትጠጣ ዘፍና አታውቅም፤ ተነስታ ቆማ ቀሚሷን ስትጎትት እኔ ነኝ የፈራሁላት። ጀመረች። ድምጿ ቀጭን ሆኖ ወጣ፣ እንደሌላ ሴት ድምፅ። ሁለተኛው ስንኝ ጋ ስትደርስ ጠፋባት። አየሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቀረች። ካሃል ከተቀመጠበት ሆኖ ሞላላት፤ ያውም ድምፁ እንደተበጠሰ ቧንቧ ነው። ከዚያ ፊሎሚና ገባችበት፣ ከዚያ ሁላችንም።

ካሃል መጠጥ አልተወም። እንደበፊቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮልማን ጋ ነው፤ ግን አንዳንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ደርቭላ ቤት ይመጣና ቦይለሩን እያየሁ ነው ብሎ ሦስት ሰዓት ያወራል። ቦይለሩ አሁንም ያንኳኳል። ደርቭላም ሁልጊዜ አይቀላትም፤ ማክሰኞን የማታስቀረው ለዚያ ነው። አዲስ የመጣ ሰው "አንዲት ብቻ" ሲላት "አልጠጣም" ትላለች፣ ምክንያት አትጨምርበትም።

ከልደቴ ማግስት ጠዋት ስልኬ ጠራ። ገና አልጋ ላይ ነበርኩ፣ ራሴን አሞኝ፤ እኔ ጠጥቼ ነበራ።

"ሁሉንም አስታውሳለሁ!" አለችኝ ደርቭላ፣ ያለ ሰላምታ። የቦቴው ሞተር ከጀርባዋ ይጮሃል። "ኡና፣ አንድም አልጠፋኝም! ኮልማን ለሚስቱ ምን እንዳላት፣ ፊሎሚና ጫማዋን አውልቃ ስትጨፍር፣ ማላኪ በጎቹን ለካሃል በየስማቸው ሲያስተዋውቀው። አንቺ ደግሞ ኬኩን ስትቆርጪ ያልሽውን ታስታውሻለሽ?"

"አላስታውስም።"

"ልንገርሽ?"

"ንገሪኝ" አልኳትና ትራሴን አመቻቸሁ። ገበሬው በሩን እስኪከፍትላት ድረስ ከመጀመሪያው ጀምራ አንድ በአንድ ነገረችኝ።